ወርደዋል

«ታንጉ ወርዳለች አሉ።»

ኡመይር ነው። መተማ ዮሐንስ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ወሬ ሳይጭን አይንቀሳቀስም፤ ኡመይር ደግሞ ወሬው ከተሳፋሪው ቀድሞ ካልገባ ሞተር አያስነሳም። ከጉምሩክ ኬላው እስከ ሰሊጥ መጋዘኖቹ፣ ከመጋዘኖቹ ተመልሶ እስከ ገላባት መሻገሪያ ሲመላለስ፣ አንዱ «ወራጅ አለ!» ባለ ቁጥር ፍሬኑን እየያዘ፣ «ታንጉም ወርዳለች አሉ» ይላል። የሚስቅ ይስቃል። የማይስቅ «ወዴት?» ይላል። ኡመይር ግን ወዴት እንደሆነ አልሰማም። ለእሱ መውረዷ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ ሲወራ ታንጉ በከተማው አልነበረችም። ወሬውን ኋላ ነው እንደ ፈሰሰ ሰሊጥ ከየደጁ እየለቀመች ያጠራቀመችው። ለቅማም አንዲት ፍሬ ጎደለቻት።

መተማ ላይ «ወረደ» የሚለው ቃል ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። ደገኛው ለሰሊጥ አጨዳ ሲመጣ ወረደ ይባላል። የከተማው ሰው ወደ እርሻው ሲሄድም ወረደ ነው። ከባጃጅ የሚወርድም ወረደ፤ ከወንበሩ የሚወርድም ወረደ። የታንጉ አባት ቸሩም ወርዶ ነበር። ከደጋ ዳሞት ተነሥቶ፣ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሚስቱ ውባንተ ታንጉን አዝላ እስከ ወንዙ ሸኝታው፣ ቆላ ወረደ። አልተመለሰም። ውባንተ ጠብቃ ጠብቃ ሲሰለቻት ልጇን እንዳዘለች ተከተለችው። ከእርሻ እርሻ ስትጠይቅ፣ «ካላዛር ያዘው፤ ሆዱ ተነፋ፤ አንድ ግራር ሥር ቀበርነው» የሚል ሰው አገኘች። ግራሩን የሚያሳያት ግን አጣች። ቆላው ሁሉ ግራር ነው።

እዚያው ቀረች። የመኪና ሸራ እየሰፋች ልጇን አሳደገች። «ባልሽስ?» ሲሏት እስክትሞት ድረስ መልሷ አንድ ነበር። «ወርዷል።» ሞቷል ብላ አታውቅም። ስለዚህ ታንጉ ጆሮ ውስጥ ይህ ቃል ሞትም አይደለም፣ ሕይወትም አይደለም። ከሁለቱ መሀል ያለ፣ ሙቀት የሚያርገበግበው፣ ከሩቅ ሲያዩት ውኃ የሚመስል አገር ነው።

ታንጉ የእናቷን መኪና ወረሰች፤ የስፌቱን ማለቴ ነው። ገላባትን የሚሻገሩት የጭነት መኪኖች ሸራቸው ሲቀደድ ወደ እሷ ነው የሚመጡት። ማዶ ሱዳን ጦርነት ከገባ ወዲህ መኪናው ሳሳ፤ ሸራው ግን መቀደዱን አልተወም። ፊደል የቆጠረችው ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው፤ ሕግና ደንብ ያነበበችው ደግሞ ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ። ይህን ስትናገር አታፍርም። «እናንተ አስተማሪ ስላላችሁ ነው ያልገባችሁ» ትላለች።

እንግዲህ ስሙ ከአባሎቹ ቁጥር የሚረዝም አንድ ትንሽ ፓርቲ ነበር። የክልሉ ምርጫ ሲቃረብ፣ ብናሸንፍ ርዕሰ መስተዳድር የምናደርገውን ሰው አባሎቻችን ራሳቸው ይምረጡልን አለ። ትልልቆቹ ያላደረጉትን ማድረጉ ነው፤ ቁመቱ ያጠረ ሰው ቆቡን ያስረዝማል። ሁለት ዕጩ ቀረቡ። አንደኛው የጎንደሩ ዶክተር አሸናፊ ናቸው፤ የተማሩ፣ የተከበሩ፣ ሲያስሉ እንኳ ሰው ማስታወሻ የሚይዝላቸው። ሁለተኛዋ ታንጉ ናት። የእሷን ስም ያስገቡት የመተማው ቅርንጫፍ ሊቀመንበር ሃጂ አብዱልሀኪም ናቸው። ከልባቸው ይሁን ከቀልዳቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«ሰውየው ስሙ ራሱ አሸናፊ ነው!» አለቻት ሙባረካ፣ የሱዳን ሽቶና ጫማ የምትሸጠው የግድግዳ ጎረቤቷ። «ገና ሲወለድ ነው ድምፁን የቆጠሩለት። ስም መልአክ ያወጣዋል ይሉ የለ? አንቺን በይ! ርዕሰ መስተዳድር ታንጉ! ወላሂ አፍ ውስጥ አይገባም።»

«ስም ቢሠራማ» አለች ታንጉ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ «አንቺ ሙባረካ ተብለሽ ሱቅሽ በረካ ባላጣ።»

ሙባረካ ሳቀችና ጫማ ወረወረችባት። በማግስቱ ግን የዘመዶቿን ድምፅ ለመሰብሰብ ከቤት ቤት የዞረችው እሷ ናት።

ጎንደር ላይ አንድ ቀን ሁለቱን ዕጩዎች አዳራሽ ውስጥ አገናኟቸው። ታንጉ ከመድረኩ ስትቆም የደጋው ብርድ ጉልበቷን ያዛት፤ አፏን ግን አልያዘውም።

«ሰሊጣችንን ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል» አለች። «ያጨደውን ሰው ግን የት እንደተቀበረ የገዛ ጎረቤቱ አያውቅም። እኔ ብዙ ነገር አልችልም። በየእርሻው ጥላ እሰፋለሁ። አጎበር እሰቅላለሁ። ሐኪም ከሆስፒታሉ አስነሥቼ አጫጁ ዘንድ አወርዳለሁ። ወርዶ የሚቀር ሰው እንዳይኖር።»

ከኋላ አንዱ፣ «ርዕሰ መስተዳድር ናት ልብስ ሰፊ?» አለ፤ አዳራሹ ሳቀ።

«ልብስ አይደለም፣ ሸራ ነው» አለች። «አንተን ለመሸፈን ግን ጨርቅ አላባክንም።»

አዳራሹ የባሰውን ሳቀ፤ አሁን ግን ሳቁ ወደ ሌላኛው ሰው ዞሯል። ዶክተሩ ብቻ አልሳቁም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሩቅ የሚሰማ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው አንገታቸውን ዘንበል እንዳደረጉ ቀሩ። ሰው ሲበተን በሩ ላይ ጠበቋትና፣

«አባትሽ ስማቸው ማን ነበር?» አሏት።

«ቸሩ።»

«ቸሩ» አሉ እሳቸውም፣ በምላሳቸው እንደሚመዝኑት። ሌላ አልጠየቁም። ሄዱ።

«ዘር ማንዘሬን ሊቆጥር!» አለች ለሙባረካ ስትመለስ። «እኔ ስለ አጫጅ ሳወራ እሱ የማን ልጅ ናት ይላል። የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ ከተናገርሽው ይልቅ የወለደሽን ይፈልጋል።»

ፓርቲው በምርጫው ሁለት ወንበር እንኳ ቢያገኝ ተአምር መሆኑን ታንጉ ታውቀዋለች፤ ሞኝ አይደለችም። የምትፈልገው ዕጩነቱን ነው። የፓርቲው ዕጩ የሆነ ሰው በሬዲዮም በቴሌቪዥንም የሚናገርበት ሰዓት ይሰጠዋል። በዚያ ሰዓት ማንም አይስቅባትም፤ ቢስቁም አይሰማትም። በአንድ ክልል ጆሮ ውስጥ ቁጭ ብላ «ቸሩ» ትላለች። ቀጥላ የሌሎቹን ትጠራለች። አንድ ጊዜ ብቻ። ሸራ ስትሰፋ መርገጫውን እየመታች የምታልመው ይህንን ነበር፤ አንዳንዴ ሕልሙ ክሩን እየቀደመ ስፌቱ ይወላገድባታል።

የፓርቲውን የውስጥ ምርጫ ቀን የቆረጡት ጎንደር ተቀምጠው ነው፤ የጥቅምት እሑድ አደረጉት። ሰሊጥ ቀን እንደማይሰጥ፣ ፍሬው አፉን ከከፈተ ሰው ድምፅ ለመስጠት እንደማይሰለፍ ማን ይንገራቸው? የመተማ አባሎች ግማሾቹ ወርደዋል፤ ወደ ገለጉ በሚወስደው መንገድ ዳር በየእርሻው ተበትነዋል። ታንጉን የሚመርጧት ደግሞ እነሱ ናቸው። ሊመጡላት ካልቻሉ ልትሄድላቸው ነው። ከሹፌሩ ከምንይችል ጋር፣ ራሷ በሰፋችው ሸራ በተሸፈነ አይሱዙ ወረደች። በሩን ስትቆልፍ ለሙባረካ፣ «ሰው ከጠየቀሽ ወርዳለች በይ» አለቻት። ይህንን ታስታውሳለች።

በመንገዱ አንዲት ጉብታ አለች፤ ስልክ የሚሠራው እዚያች ላይ ብቻ ነው። አይሱዙው እያቃሰተ ጫፏ ላይ ሲደርስ የታንጉ ስልክ ጮኸ።

«ሃሎ! ወይዘሮ ታንጉ ነዎት?»

«ነኝ!»

«ገብረማርያም ነኝ፣ ከጎንደር ጽሕፈት ቤት!» የፓርቲው ጸሐፊ ነው። ነፋሱ ቃሉን ወሰደው፤ ሞተሩም አጓራ። ከዚያ አንዲት ቃል ብቻ ጥርት ብላ መጣች። «...ወርደዋል!»

«አዎን፣ ወርጃለሁ!» አለች ታንጉ።

«ምን አሉኝ?»

«ወርጃለሁ! ዛሬ ጠዋት ወረድሁ!»

«እርስዎም?» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«እኔም! ምነው፣ ሰው ሁሉ ወርዶ እኔ ልቅር እንዴ?»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በእናቴ በውባንተ!»

ጉብታዋ አለቀች፤ ስልኩም አብሮ።

«ማን ነው?» አለ ምንይችል።

«ጎንደር ነው። መውረዴን ሰምተው ደወሉ።» ስልኩን በነጠላዋ ጠረገችው። «አንቱ አሉኝ።»

«አንቺን?»

«እኔን።»

«አንቱ ካሉሽማ ወይ ልትሾሚ ነው ወይ ልትቀበሪ።»

ታንጉ ዕድሜዋን ሁሉ «አንቺ ሴትዮ፣ ይቺን ቅደጂ፣ ያቺን ስፊ» ስትባል የኖረች ናት። ነዎት፣ አሉኝ፣ እርስዎም... ቃላቱን እንደ ከረሜላ ከጉንጯ ወደ ጉንጯ እያዘዋወረች ሄደች። ከመስኮቱ ውጭ ሜዳው በፀሐይ ቀልጦ ይንሳፈፋል። ዛፎቹ ግንዳቸው ተቆርጦ በአየር ላይ ቆመዋል። ሩቅ ባሕር ታየ፤ ሲቀርቡት ሸሸ፤ ሌላ ባሕር ታየ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እርሻው ደረሱ። የታጨደው ሰሊጥ ነዶ ነዶ ሆኖ፣ ራስ ለራስ ተደጋግፎ ቆሟል፤ ሰዎቹ እንዲህ ያለውን ክምር ሂላ ይሉታል። በዚያ ቀይ ብርሃን ሂላዎቹ ጋቢ ለብሰው የቆሙ ሽማግሌዎች ይመስላሉ፤ ዳርቻ የሌለው የሽማግሌ ጉባኤ። ምንይችል ሸራውን ከአይሱዙው ገፎ በአራት እንጨት ወጠረው። አጫጆቹ ገቡበት፤ የጎጃሙም፣ የወሎውም፣ እዚሁ አግብቶ የከተመውም።

«ርዕሰ መስተዳድር ስትሆኚ» አላት አንዱ ጎጃሜ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ፣ «ይቺን ፀሐይ ትንሽ ዝቅ አታደርጊልንም?»

«ፀሐይዋን አልችልም። ጥላውን ግን ከፍ አደርገዋለሁ።»

«እኔስ እቴ» አለች ዝናሽ የምትባል የወሎ ሴት፣ ማጭዷን እንደ ልጅ ታቅፋ፣ «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ታምሜ ብወድቅ፣ የማን ናት የሚል ሰው። የማን ናት ብሎ የሚጠይቅ።»

ማንም አልሳቀም። ታንጉ ብዙ ንግግር አዘጋጅታ ነበር፤ በጋዜጣ ቋንቋ፣ ሲናገሩት የሚያምር። ሁሉም ከአፏ ጠፋ። «ወርዶ የቀረ የምታውቁት ሰው ካለ ስሙን ጥሩልኝ» አለች ብቻ።

አንዱ አንድ ስም ጠራ። ሌላውም። ከወዲያ ጥግ አንዲት፣ ከወዲህ ሁለት። የደረሰ ነዶ ሲገለብጡት ፍሬው እንደሚንሿሿ ስሙ ተራገፈ፤ መቆሚያ አልነበረውም። ታንጉ ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍት ከሂላዎቹ መሀል አንድ ሰው፣ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ፀሐይዋን ከኋላው አድርጎ ሲመጣ አየች። ፊቱ ብርሃን ነው፤ አይለይም። አጠገቧ ሲደርስ ሽበታም አጫጅ ሆነ።

«ወርደሽ ነው?» አላት።

«ወርጄ ነው፣ አባቴ» አለች። ድምፅ የሰጣት ያህል ደስ አላት።

በምንይችል አይሱዙ እሑድ ማለዳ ሊነሡ ተቃጠሩ። ወቅቱን የሳተው ዝናብ ግን ከእነሱ ጋር አልተቃጠረም። ቅዳሜ ዘነበ። መንገዱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ይውጣል። እሑድ ማለዳ አይሱዙው አባሎቹን ጭኖ ብዙ ሳይርቅ እስከ ሆዱ ገባ። ቆፈሩ፣ ቅርንጫፍ ጎዘጎዙ፣ ገፉ። ጎማው እየጮኸ ጭቃ ረጫቸው። ቀትር ላይ ደክሟቸው ከሸራው ሥር ወደቁ።

ታንጉ እንቅልፍ ወሰዳት። ባሕር ዳር ነበረች፣ ደርሳበት በማታውቀው ባሕር ዳር፤ አዳራሹ ወለሉ ውኃ ነው፣ ሰዉ ሁሉ እሷ የሰፋችውን ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። ከፊት ያለ አንድ ሰው ተነሥቶ «ወርደዋል!» ብሎ ጠራ። ማንን እንደሚጠራ ሰው ሁሉ ዞር ዞር አለ። ታንጉ «አለሁ» ልትል ስትነሣ ጭቃው እግሯን ያዛት።

ነቃች። ፀሐይዋ ዞራለች። አጫጆቹ አሁንም ይገፋሉ።

ሰኞ ማለዳ መተማ ዮሐንስ ሲገቡ መጀመሪያ ያገኛቸው ኡመይር ነው። ባጃጁን ድንገት አቆመ።

«ያ ሰላም! ታንጉ! ወርደሽ አልነበር እንዴ?»

«ወርጄ ነበር። ወጣሁ።»

«እንዴ! አንዴ የወረደ ተመልሶ ይወጣል?»

«ምን ማለትህ ነው? ለምን አይወጣም?» አለች። የተናገረችው ነገር ወደ ራሷ ዞሮ ገባት።

ሃጂ አብዱልሀኪም መጋዘናቸው ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከበላያቸው ሸራ ተወጥሯል፤ ለምርጫው ብላ አምና ከተረፋት ጨርቅ የሰፋችላቸው። ታንጉን ሲያዩ ብድግ አሉ፤ የሙት መንፈስ ያዩ ያህል ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሃጂ፣ ምርጫውስ?»

«አለቀ፣ ልጄ። ኸላስ። ዶክተሩ ብቻቸውን ነበሩ፤ በሁሉም ዞን። አንቺ ከዕጩነቱ ወርደሽ...»

«እርሻ ነው የወረድሁ!»

«እኔ ምን ላውቅ?» መቁጠሪያቸውን ጨበጡ። «ከጎንደር ገብረማርያም ደወለ፤ ታንጉ ወርዳለች፣ ከራሷ አፍ ሰማሁ አለኝ። አላመንሁም። ሙባረካን አስጠየቅሁ። ወርዳለች አለች። ሁለት ምስክር አንድ ቃል ከመሰከረ ሸሪዓም የሚጨምረው የለ። ኡመይርን ጠርቼ፣ በል ለሰው ንገር አልሁት።»

ሙባረካ እያለቀሰች መጣች። «ወርዳለች ወይ አሉኝ፤ አዎ አልሁ። አልወረደችም ብዬ ልዋሽልሽ ነበር? አንቺ አይደለሽም ወርዳለች በይ ያልሽኝ?»

ወሬውን ማንም ያላረመው ለዚህ ነው። እውነት ነበረ። ሸሽታለች ቢሉ፣ ሞታለች ቢሉ ሙባረካ ጫማ እየወረወረች ታባርራቸው ነበር፤ «ወርዳለች» ሲሏት ግን «አዎ፣ እሑድ ትመጣለች» አለች፤ ሰውም የመጀመሪያዋን ቃል ይዞ ሄደ።

ታንጉ ጉብታዋን አስታወሰች። ያንን ደስ የሚል «ነዎት»።

«ሆን ብሎ ነው! ጎንደር ተወልዶ አድጎ፣ ወረደ ማለት ቆላ ወረደ መሆኑን የማያውቅ ሰው አለ? አንቱ እያለ አታለለኝ። የዶክተሩ ሥራ ነው። የአባቴን ስም የጠየቀኝ ጊዜ ነው ማወቅ የነበረብኝ።»

«እንደውልና እናስረዳቸው» አሉ ሃጂ። «ስሕተት ነው እንበል፤ የሚያጸድቀው ጉባኤ ገና ነው።»

«አልደውልም።»

«ልጄ፣ ኩራት እኮ...»

«ሃጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ የተቀደደ ሸራ እንጂ የተቀደደ ቃል አልሰፋም።»

ከኋላዋ አጫጆቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ቆመዋል። ዝናሽ የአባልነት ካርዷን ከደረቷ አውጥታ፣ ጭቃ እንዳይነካው በሁለት ጣቷ ይዛዋለች። «እና እቴ ታንጉ» አለች፣ «የምንመርጠው የት ነው?»

ሁሉንም ነገር ትረሳለች፤ ይህችን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልረሳችም።

ጉባኤው ዶክተር አሸናፊን አጸደቀ። በበጋው ለቅስቀሳ መተማ መጡ። አደባባይ ላይ ንግግራቸውን ጨርሰው፣ አጃቢዎቻቸውን ትተው፣ በእግራቸው ወደ ሸራ ሰፊዋ ሱቅ ሄዱ።

«ታንጉ፣ ዶክተሩ ደጅሽ ቆመዋል» አለች ሙባረካ ሮጣ ገብታ።

«ሸራ ይፈልጋሉ?»

«ሊያናግሩሽ ነው የሚፈልጉ።»

«ሸራ ካልፈለጉ ፀሐይ ላይ አይቁሙ በያቸው፤ ደገኛን ያዞራል።» መርገጫዋን ይበልጥ መታች። መኪናው እየጮኸ የውጭውን ድምፅ ሁሉ ዋጠው። ዶክተሩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። ጥላቸው በደፉ በኩል ገብቶ፣ ጨርቋ ላይ ወደቀ፤ በላዩ ሰፋችበት። ቀና ስትል ጥላው የለም።

በቴሌቪዥን ሲናገሩ ሙባረካ ተጣራች። «ታንጉ! ኧረ ነይ! ስለ አጫጅ ነው የሚያወሩ፤ ስለ ጥላ!»

«ቃሌንም ሰረቁት?» አለች ታንጉ ከግድግዳው ማዶ። «ዝጊው።»

ምርጫው አለፈ። ፓርቲው አንድም ወንበር አላገኘም፤ ሲበተንም ድምፅ አልነበረውም። ኡመይር ሌላ ወሬ ጫነ።

ክረምቱ ገባ። መተማ በክረምት ሌላ አገር ናት፤ ያ ሁሉ የተቃጠለ ሜዳ በአንድ ሳምንት ሣር ለብሶ ያረገርጋል፣ ሰማዩ እርሻው ላይ ይተኛል። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ አንድ ሰው ኮቱን ራሱ ላይ ጥሎ ሱቋ ውስጥ ዘሎ ገባ።

«እንደምን ዋሉ። ለአነስተኛ መኪና የሚሆን ሸራ ያገኙልኛል? ዘር ጭኜ መንገድ ላይ ያዘኝ።»

ታንጉ መርገጫዋን አቆመች። ፊቱን አይታው አታውቅም። ድምፁን ግን ታውቀዋለች።

«ገብረማርያም» አለች።

ሰውየው ኮቱን ዝቅ አደረገ። ሱቁን፣ መኪናውን፣ እሷን አየ። «ወይዘሮ ታንጉ? እርስዎ ነዎት?»

«ነዎት አትበለኝ። በዚያች ቃል ነው ያታለልኸኝ።»

«እኔ?»

«እርሻ ወርጃለሁ ብልህ ከዕጩነት ወርዳለች አልህ። ይሁን፣ አለፈ። ሸራው እዚያ ጥግ አለ፤ ለክተህ ውሰድና ሂድልኝ።»

ገብረማርያም አልተንቀሳቀሰም። ከኮቱ የሚንጠባጠበው ውኃ እግሩ ሥር ኩሬ ሠራ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች፤ ያንን ጠዋት ቃል በቃል መልሶ እያነበበ ነበር።

«እርሻ» አለ ቀስ ብሎ። «እርሻ ነበር የወረዱት።» ሰገራውን ፈልጎ ተቀመጠ። «ወይዘሮ ታንጉ፣ ያን ቀን እኔ የት ነዎት ብዬ አልጠየቅሁዎትም። ወርደዋል ወይ ብዬም አልጠየቅሁም። ለምን ወርጃለሁ እንዳሉኝ እስከ ዛሬ ሲገርመኝ ነው የኖርሁ። ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ምን ነካችሁ እያልሁ።»

«ሁለታችን ማን ነን?»

«እርስዎና ዶክተሩ።»

ዝናቡ በረታ። ገብረማርያም ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበረበት።

«ዶክተሩ ከዚያ በፊት ማታ ቤቴ መጡ። ወንድማቸው ቆላ ወርዶ ቀርቶ ነበር፤ እኛ አናውቅም ነበር። ‹ያቺ ሴት ስትናገር ከሰማሁ ወዲህ የምናገረው ሁሉ ውሸት ሆነብኝ፤ እሷ ትሂድ› ብለው ዕጩነታቸውን ተዉ። በማግሥቱ የደወልሁት እንኳን ደስ አለዎት ልልዎት ነበር። እርስዎም ወርጃለሁ ሲሉኝ መሄጃ አጣን፤ ደጃቸው ላይ ተደፍተን፣ ለምነን መለስናቸው።»

የታንጉ እጅ መኪናው ላይ ቀረ። መርፌው ግማሽ ድረስ ሸራው ውስጥ ገብቶ ቆሟል።

«ወርደዋል ያልሁት እሳቸውን ነው» አለ ገብረማርያም። «ያን ጠዋት ስልኩን ያነሡ ጊዜ፣ የፓርቲው ብቸኛ ዕጩ እርስዎ ነበሩ።»